ዋትሰን ዳግም ብዕር ሲያነሣ

አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን በ1893 እ.ኤ.አ. ከፏፏቴ ገደል ጣለው፤ አንባቢ አላስቀምጥ ቢለው በ1903 መልሶ አስነሣው። ደራሲው ካለፈ በኋላም መርማሪው አላረፈም። ከአዲሶቹ ልብ ወለዶች አንዱ፣ በወራሾቹ ፈቃድ በ2011 የታተመው የአንቶኒ ሆሮዊትዝ «የሐር ቤት»፣ ኃይሉ ከምርመራው ውስብስብነት የመነጨ አይደለም፤ እሱማ ለማንም ብልኅ ጸሐፊ ይሳካል። ኃይሉ ተራኪው ዶክተር ዋትሰን ነው። በቀድሞዎቹ ታሪኮች የለንደን ጎዳና ልጆች በቀን አንድ ሽልንግ እየተከፈላቸው ወሬ የሚያቀብሉ፣ ብቅ ብለው የሚጠፉ ጥላዎች ነበሩ። እዚህ ግን ለክትትል የተሰማራው ብላቴና ሮስ ተገድሎ ይገኛል፤ ሆምስም ራሱን ይወቅሳል። ያረጀው ዋትሰን ወዳጁን ሳይከዳ፣ ያን ጊዜ ያላስተዋለውን ድህነት አሁን ያስተውላል። ምነው በዚህ በገፋበት! ደራሲው አንባቢን ለማስደንገጥ ሲል ክፋቱን በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ዘጋው፤ ልጆቹን ለጎዳና የዳረገው ሥርዓት ሳይመረመር ከደጅ ቀረ።