በረዶውን ማን፣ ወዴት መለሰው?

«የመጪው ዘመን ሚኒስቴር»፤ ልቦለድ፤ ደራሲ ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን፤ እ.ኤ.አ. 2020

በአማርኛችን በረዶ አንድ ቃል ነው። ከሰማይ ወርዶ ገብስ የሚያረግፈውም በረዶ ነው፤ በምድር ጫፍ ባሕር ላይ የረጋውም በረዶ ነው። ለመካነ ሰላም ዙሪያ ገበሬ ግን የመጀመሪያው የታወቀ ጠላት ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሙን የሚያነሣበት ምክንያት እንኳ የሌለው ባዕድ ነው። በደጋው አገራችን በረዶ ይመልሳል ተብሎ የሚታመንበት ደብተራ እንደነበረና ለድካሙም ከአዝመራው እህል ይሰፈርለት እንደነበር የታወቀ ነው። በረዶው ይመለስ አይመለስ የእምነት ጉዳይ ነውና እንተወው። አንድ ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ማለፍ የለበትም፦ ከዚህ ማሳ የተመለሰው በረዶ በማን ማሳ ላይ ወረደ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አሜሪካዊው ደራሲ ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን ልቦለድ እንሂድ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመጪው ዘመን ሚኒስቴር» የሚሆነው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ ብዙ አነጋግሯል። ታሪኩ የሚጀምረው በሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ነው። ሙቀትና ወበቅ ተባብረው ሕዝብ ይፈጃሉ። የአንዲት ከተማ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ፤ ሐይቁም ከገላቸው በላይ ሞቆ ይጠብቃቸዋል። በአገሪቱ 20 ሚሊዮን ሰው ያልቃል። ከዚህ በኋላ የሕንድ መንግሥት የዓለምን ስምምነት ወደ ጎን ትቶ አውሮፕላኖቹን ያስነሣል፤ የፀሐይን ብርሃን ለመጋረድም የድኝ ጋዝ በላይኛው አየር ላይ ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ያደረገውን በሰው እጅ መድገም መሆኑ ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ የሰሜን ዋልታ በረዶ ቀልጦ የተራቆተው ባሕር ሙቀት እንዳይጠጣ ቢጫ ቀለም ይነከራል፤ በደቡብ ዋልታ ከበረዶ ግግሩ ሥር ውኃ በፓምፕ እየተሳበ የግግሩ ጉዞ ይገታል።

የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ደራሲው ሰማይን የነካ ሰው ሁሉ እብድ ነው አይልም። ሬሳ ያነሣ ሕዝብ ሰማዩን ቢነካ ማን ሊከለክለው ይችላል ብሎ ይጠይቃል እንጂ። የቦንግ ጁን ሆ ፊልም «ስኖውፒርሰር» እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን፣ ምድርን ለማብረድ የተደረገ ሙከራ ዓለሙን በሙሉ ወደ በረዶ ለውጦ በአንድ ባቡር የተረፈውን ሰው ያሳየናል። ይህ ለፊልም ያመቻል፤ ስሕተቱ ለሁሉም እኩል ደረሰ ማለት ነውና። ሮቢንሰን ከዚህ ተረት የራቀ፣ መንግሥታትን፣ ባንኮችንና ስብሰባዎችን የሚያውቅ ጸሐፊ ነው።

ሆኖም ጉድለቱም ከዚሁ ከብርታቱ አጠገብ ተቀምጧል። ልቦለዱ 106 ምዕራፎች አሉት። በእነዚህ ውስጥ ፀሐይ «እኔ» ብላ ትናገራለች፤ ቅንጣት ብርሃን ይናገራል፤ ገበያ ሳይቀር ይናገራል። የሕንድ አብራሪዎች ድኙን እንዴት እንደረጩ ከራሳቸው አንደበት እንሰማለን። ዋናዋ ባለታሪክ ሜሪ መርፊ አየርላንዳዊት ናት፤ ሥራዋም ዙሪክ ነው። ከእልቂቱ የተረፈው ፍራንክ ሜይ አሜሪካዊ ነው። ከመጋረጃው ማዶ፣ በሐምሌ ደመናውን ሲጠብቅ ደመናው ያለፈው የአፍሪካ ደገኛ ገበሬ ግን ምዕራፍ አልተሰጠውም። በረዶ መላሹ በሚገባ ተተርኮለታል፤ ጎረቤቱ አልተጠየቀም።

ይህ የስሜት ወቀሳ እንዳይመስል ነገሩን ከሥሩ እንየው። የባሕር በረዶ የምድር ነጭ ጋቢ ነው። ንጹሕ በረዶ ከለበሰ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ የተገለጠ ባሕር የሚመልሰው ከመቶ 6 ያህሉን ነው። ስለዚህ በረዶው በሳሳ ቁጥር ባሕሩ ሙቀት ይጠጣል፤ ባሕሩ በሞቀ ቁጥር በረዶው ይሳሳል። በሰሜን ዋልታ በመስከረም የሚተርፈው በረዶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። ይህን ለመመለስ የቀረቡት መላዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 10 ሚሊዮን በነፋስ የሚሠሩ ፓምፖች ባሕሩን በክረምት እየሳቡ በበረዶው ላይ ቢያፈስሱ ይወፍራል ብለው፣ ወጪውን በ500 ቢሊዮን ዶላር ገምተው ነበር። «ሪል አይስ» የተባለ የብሪታንያ ድርጅት ይህንኑ በአነስተኛ ደረጃ በካናዳ ካምብሪጅ ቤይ ሞክሮታል። በበረዶው ላይ ደቃቅ የመስተዋት እንክብሎች ለመነስነስ የተነሣው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ እንክብሎቹ በባሕሩ ፍጥረታት ላይ ጉዳት ያደርሳሉ የሚል ሥጋት ስለተነሣ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን አቁሟል። ፓምፕም ሆነ መስተዋት ቢያጠፉ ጥፋታቸው በቅድሚያ እዚያው ባሕር ላይ ነው። ድኙ ግን መንገደኛ ነው።

የኛ ክረምት የሚመጣው ከምድር ወገብ አካባቢ ወደ ሰሜን ከሚወጣ የዝናብ መቀነት ጋር ነው። ይህ መቀነት ወደሞቀው የምድር ግማሽ ያዘነብላል። ሰሜኑ ብቻ ከቀዘቀዘ ወደ ደቡብ ይንሸራተታል፤ ከሳሕል እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ያለውም ያጣል። ይህን ከማንም በፊት የመዘገበው ዓባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 የአይስላንዱ ላኪ ፈነዳ፤ በዚያው ዓመትና በተከታዩ የዓባይ ሙላት ቀረ። ፈረንሳዊው መንገደኛ ቮልኔ ከግብፅ ሕዝብ ስድስት አንድ እጁ በሞትና በስደት እንደጠፋ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1912 በአላስካ የካትማይ አካባቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ የ1913 የዓባይ ፍሰት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተለኩት ሁሉ እጅግ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተካሄደ የአላን ሮቦክና የባልደረቦቹ ስሌት ወደ ሰሜን ዋልታ ሰማይ የሚረጭ ድኝ የእስያንና የአፍሪካን የክረምት ዝናብ እንደሚያውክ አሳይቷል። በ2013 ጂም ሄይውድና ጓደኞቹ በሰሜኑ ሰማይ ላይ ብቻ የሚሰቀል ጭስ ሳሕልን እንደሚያደርቅ፣ ከደረቅ ዓመታቱም በፊት የሰሜን እሳተ ገሞራዎች እንደነበሩ አመለከቱ።

ያ የጎደለ ዓባይ የማን ዝናብ ነበር? በሽሎን የመሰሉ ገባሮች ከወሎ ደጋ ወርደው ወደ ዓባይ ይገባሉ፤ መካነ ሰላምም ከዚያው ሸለቆ አፋፍ በላይ ናት። ቮልኔ የካይሮን ረሀብ ጻፈ፤ ውኃው ከተነሣበት ደጋ ምን እንደደረሰ ግን በዚያ መጽሐፍ አናገኝም። ከ200 ዓመታት በላይ ቆይቶ የመጣው የሮቢንሰን ልቦለድም ደጋውን በዝምታ ማለፉ ለዚህ ነው የሚቆረቁረው።

ይህን ሁሉ ስንል አንድ ወጥመድ አለ። «ረሀባችን የሰማይ ሥራ ነበር» ወደሚል ማምለጫ መግባት አይገባም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው ጥናታቸው ድርቅ ብቻውን ሰው እንደማይገድል፣ ገዳዩ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረው ሥርዓት እንደሆነ ተከራክረዋል። አማርቲያ ሴንም በ1981 ባወጣው መጽሐፉ የ1965ቱን የወሎ ረሀብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ ሳይወደድ፣ እንዲያውም እህል ከክፍለ ሀገሩ እየወጣ፣ ሰው መራቡን አሳይቷል። ትምህርቱ ግን ለሁለት ወገን ይቆርጣል። ሰማዩን የሚነካ እጅ ቢመጣ እርሱም እንደ ግብሩና እንደ ጭሰኝነቱ የሥርዓት አካል ነው። እስካሁን ረሀባችንን ስንተርክ ወይ ፈጣሪን ወይ መንግሥትን ስንጠይቅ ኖረናል። ወደፊት ከሁለቱም ሌላ፣ ስሙን የማናውቀው ሩቅ መሐንዲስም ሊጠየቅ ይችላል።

ደጋው «ሰማዩ አይነካ» ብቻ ብሎ መቀመጥም አይችልም። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቀው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከደንቆሮ ጫካ በላይ፣ ጓሳውና ጅብራው እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተዘርግቷል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እዚያ ነው። ሙቀቱ ከታች ሲገፋው ሽቅብ ይሸሻል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ተራራ የለም። ሙቀትም ያለኛ ፈቃድ የተላከብን ነውና ማብረጃውን መፍራት ሙቀቱን መውደድ አይደለም።

እንግዲህ ክርክሩ ስለ ፈቃድ ነው። የአፍሪካ የአካባቢ ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ፀሐይን የመጋረድ ዘዴ ሥራ ላይ እንዳይውል ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲደረግ ጠይቀዋል። በ2024 መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ስዊዘርላንድ ያቀረበችው የውሳኔ ሐሳብ ግን ስምምነት ጠፍቶ ተነሣ። ሮቢንሰን ከስብሰባ ልቦለድ መሥራት የሚችል ጸሐፊ ነው፤ ይህ የናይሮቢ አዳራሽ ለእርሱ ብዕር የተዘጋጀ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሕንድ ስትረጭ ተቃዋሚዋ ስምምነቱና መንግሥታቱ ናቸው እንጂ ዝናቡ የሚሄድበት ሰው አይደለም።

ስለዚህ መጽሐፉ ይነበብ፤ በሚገባ ይነበብ። ነገር ግን ያልተጻፈው ምዕራፍ ከኛ ብዕር የሚጠበቅ ነው። ባለታሪኩ የወሎ ደገኛ ቢሆን፣ በልጉ ቀርቶበት ክረምቱን የሚጠብቅ ቢሆን፣ ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲጋመስ ሰማዩ ነጣ ብሎበት ምክንያቱን የሚጠይቅ ቢሆን፣ ማንን ይጠይቃል? በረዶ የሚመልሰው ደብተራ ቢያንስ የሚኖረው ከዚያው አጥቢያ ነው፤ የተጎዳ ጎረቤት ደጁን አንኳኩቶ ሊሟገተው ይችላል። የሰማዩ መሐንዲስ ደጅ ግን የት እንደሆነ ማወቅ የሚገባን አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ነው።