ካሜራው ያላየው እርጅና

«ብቻውን በዱር» የተባለው ፊልም በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ባለታሪኩ ሪቻርድ ፕሮኔክ ግን በ2003 ሞቶ ነበር። ይህ ሰው በ1968 ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ በአላስካ ዱር፥ ከመንታ ሐይቆች ዳር፥ በእጅ መሣሪያ ብቻ የግንድ ጎጆ ሠራ፤ ካሜራውንም አቁሞ ራሱን በራሱ አነሣ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ሲርቅ ባየህ ጊዜ፥ ካሜራውን ለመውሰድ ያንኑ መንገድ ተመልሶ መምጣት እንደ ነበረበት አስብ። (እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!)

ነቀፋዬ በዚህ አይደለም። ፊልሙ አብልጦ የሚያሳየን የመጀመሪያውን ዓመት፥ ማንኪያና የበር ማጠፊያ ከእንጨት የሚጠርበውን ብርቱ ክንድ ነው። ሰውዬው ግን እዚያው ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሮ፥ ሰማንያን ካለፈ በኋላ ካሊፎርኒያ ወንድሙ ቤት ገባ። እንጨት መፍለጥ የከበደው በየትኛው ክረምት ይሆን? ጎጆውን ዘግቶ ሲወጣስ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?