የሰርቪስ ቅዳሜ

እዚህ ዓለም ባንክ ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ መምህር ቡና ላይ ስንቀመጥ ደጋግመው የሚያነሱት ቅዳሜን ነው። በ1957 ዓ.ም የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ በተለምዶ «ሰርቪስ»፣ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። ለእሳቸው ደብረ ብርሃን ሲደርሳቸው ጓደኞቻቸው አንኮበር ተመደቡ፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቡናውን፣ ስኳሩን፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ የሰነበተውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ሳይቀር ሸክፈው ጓደኞቻቸውን ለመጠየቅ ይነሱ ነበር። የጭነት መኪና ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ በእግር። ከጉሙ መሃል ተራራው ብቅ ሲል ድካሙ እንደሚጠፋ ሲናገሩ ዛሬም ፊታቸው ይፈካል። ማታ ኩራዝ ከበው የትኛው ልጅ በረሃብ እንደሚያንቀላፋ፣ ክፍልፋይን በምን ምሳሌ ማስረዳት እንደሚሻል ሲጨዋወቱ ይነጋል። ለእኔ ይህ ጉብኝት የማስተማሩን ያህል ክቡር ነው፤ ከቤቱ የራቀውን ወጣት መምህር እስከ ሰኔ ያዘለቀው እሱ ነውና።

ዛሬም በየተራራው የሚያስተምሩ፣ የሚያክሙ ልጆች አሉን። የምታውቁት ካለ፣ በመጪው ቅዳሜ አንድ ኪሎ ቡና ይዛችሁ ሂዱለት።