ያልጻፉት መልቀቂያ

በጆርጆ ባሳኒ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። ዘመኑ 1938 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፌራራ ከተማ፣ የቴኒስ ክበቡ ጸሐፊ የሆኑ አንድ ባላባት ለወጣቱ ተራኪ በአስቸኳይ ፖስታ ይጽፉለታል። ከክበቡ ለመልቀቅ ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት ማግኘቱን ይነግሩታል። ልጁ ግን ምንም ጥያቄ አላቀረበም። ጥፋቱ አይሁዳዊ ሆኖ መወለዱ ብቻ ነው።

«የፊንዚ-ኮንቲኒዎች የአትክልት ቦታ» በ1962 ታተመ፤ በዚያው ዓመትም የቪያሬጆን ሽልማት አገኘ። እኔ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው። ስለ አይሁድ እልቂት ከተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ አንባቢን ወደ ባቡሩና ወደ ካምፑ ይዘውት ይሄዳሉ። ባሳኒ ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ ይነሣል። ጥይት አይተኮስም ማለት ይቻላል። የጦርነት ታሪክ አገኛለሁ ብሎ የገዛ ሰው ገንዘቤን ተበላሁ ሊል ይችላል፤ የሚያገኘው ቴኒስ የሚጫወቱ ወጣቶችን፣ መልስ ያላገኘ ፍቅርንና የቤተሰብ ማዕድን ነውና። በእኔ ግምት መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ይኸው ነው። ግፍ በጨዋ ሰው እጅ፣ በቢሮ ወረቀት፣ «እንዲያውቁት ይሁን» በሚል ቋንቋ እንዴት ደጃፍ እንደሚደርስ ያሳየናል።

ከታሪኩ ጀርባ ያለው ሕግ ፈጠራ አይደለም። ጁላይ 14 ቀን 1938 አንድ የሮም ጋዜጣ «ሳይንቲስቶች» ያዘጋጁትን መግለጫ አወጣ፤ አይሁድ ከኢጣሊያ ዘር አይደሉም የሚል ነው። ሴፕቴምበር ላይ አይሁዳውያን ተማሪዎችና መምህራን ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ኖቬምበር 17 ቀን ደግሞ ዋናው ሕግ ታወጀ። ጋብቻ ተከለከለ፤ የመንግሥት ሥራና ወታደርነት ተዘጋ፤ በመሬትና በድርጅት ባለቤትነት ላይ ገደብ ተጣለ። ይህ ሁሉ የወረደው በቁጥር ከ50 ሺህ በማይበልጥ ሕዝብ ላይ ነው። በሮም ከክርስትና በፊት ጀምሮ የኖረ ሕዝብ መሆኑንም አንባቢ ልብ ይሏል።

ከክበቡ የተባረሩትን ወጣቶች ወደ ግቢያቸው የሚጠሯቸው አልቤርቶና ሚኮል ናቸው፤ የፊንዚ-ኮንቲኒ ልጆች። ቤተሰቡ ባለጸጋ ነው። በረጅም ግንብ ታጥሮ፣ ከከተማው አይሁድ ጋር እንኳ ሳይቀላቀል የኖረ ቤት ነው። ለተራኪው ያ በር ከልጅነቱ ጀምሮ የተዘጋ ነበር፤ የከፈተለት የሙሶሊኒ ሕግ ሆነ። እንዲህ ያለውን ምጸት ባሳኒ አያጋንነውም። ልጁ ሜዳውን ያገኛል፣ ሚኮልን ይወዳል፣ እሷ እምቢ ትለዋለች። እምቢታዋን አንዳንዶች እንደ ኩራት ያነቡታል። እኔ ግን ነገ የሚባል ነገር እንደሌላት ከሁሉም ቀድማ ያወቀች ሰው ሆና ነው የታየችኝ።

ከመጽሐፉ ሁሉ የማልረሳው ግን የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው። ተራኪው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከተማሪነቱ ጀምሮ እንደ ቤቱ የለመደው ቦታ ነው። አንድ ቀን ተላላኪው አጠገቡ ቆሞ እንዲወጣ ይነግረዋል። ይህ ሰው ጨካኝ አይደለም፤ ፓስታ በመብላት ችሎታው የታወቀ፣ የሚሳቅለት ዓይነት ሽማግሌ ነው። ትእዛዙ ከዳይሬክተሩ ነው። በአዳራሹ የተቀመጡት አንባቢዎች ሁሉ ይሰማሉ። ልጁ መጽሐፉን አጥፎ ይወጣል። በቃ። ደራሲው ሐተታ አይጨምርበትም፤ የሚመጣውን ነገር ሁሉ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይተነዋል። አንዱ ያዛል፣ አንዱ ያደርሳል፣ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ያነባል። በኋላ የሚኮል አባት ፕሮፌሰር ኤርማኖ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ ያለበትን የገዛ ቤታቸውን ቤተ መጻሕፍት ይከፍቱለታል።

ከገፀ ባሕርያቱ ሁሉ ልብ የሚነካው የተራኪው አባት ነው። የፋሽስት ፓርቲ አባል ነው። በ1933 ፓርቲው በሩን ሲከፍት ከፌራራ አይሁድ የሚበዙት መታወቂያውን ወስደዋል። ፕሮፌሰር ኤርማኖ እምቢ ማለታቸውን አባትየው እንደ ትዕቢት ቆጥሮባቸዋል። አገሬ ያለው መንግሥት ፊቱን ሲያዞርበት ቁጣውን ማንሣት እንኳ ይከብደዋል፤ ይህ ያልፋል፣ እኛ ጋ እንደ ጀርመን አይከፋም እያለ ራሱን ያባብላል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከ1933 እስከ 1938 ባሉት ዓመታት መካከል የእኛ ጦርነት አለ። ዲሴምበር 1935 ኢጣሊያውያን የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሲያዋጡ አይሁዳውያን ዜጎችም ከሌላው እኩል ወርቃቸውን ሰጥተዋል። የኢጣሊያ አይሁድ ማኅበራት ኅብረት በ1936 ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ አዲስ አበባ ያሉትን አይሁድና ቤተ እስራኤልን በአዲሱ ግዛት ሥር እንዲያደራጅ ነበር። ሙሶሊኒ በ1940 ወደ ዓለም ጦርነቱ ሲገባ ያው ሰው ኢጣሊያ ውስጥ ተይዞ በግዞት ካምፕ ታጎረ።

ሕጉም ቢሆን መጀመሪያ የተሞከረው ፌራራ ላይ አልነበረም። ኤፕሪል 19 ቀን 1937፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ሁለት ወር በኋላ፣ የቅኝ ግዛቱን ተወላጅ እንደ ባልና ሚስት ይዞ የሚኖር ኢጣሊያዊ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚቀጣበት ድንጋጌ ወጣ። የደም ንጽሕና የሚባለው ነገር ቀድሞ ፍርድ ቤት የቆመው እኛው ምድር ላይ ነው። የ1938ቱ ሕግ «አርያን» የሆነ ኢጣሊያዊ የሌላ ዘር ሰው እንዳያገባ ሲከለክል አይሁዱንም አፍሪካዊውንም በአንድ አንቀጽ አስሯል።

ይህን ያነሣሁት «የእጃቸውን አገኙ» ለማለት አይደለም። እንዲህ የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እኔ ከእሱ ጋር አልቆምም። ወርቅ የሰጠ ሰው ልጁ ከትምህርት ቤት ይባረር የሚል ፍርድ የለም። ቢሆንም በባሳኒ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የአባትየው ቁጭት ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ ነው፤ ያን መታወቂያ በኪሱ ይዞ በነበረባቸው ዓመታት ያ ፓርቲ በሌላ አገር ሰው ላይ ምን ያደርግ እንደነበር አይጠይቅም። ልብ ወለዱ የፌራራ ነው፣ እርግጥ ነው፤ ደራሲ የሚያውቀውን ግቢ ይጽፋል። እኛ ግን የምናነበው ከግንቡ ውጭ ቆመን ነው።

መጨረሻው በጥቂት መስመር ያልቃል። አልቤርቶ በ1942 በሕመም ይሞታል። ጀርመኖች አገሩን ከያዙ በኋላ፣ በ1943 መጸው፣ ሚኮል ከወላጆቿና ከአያቷ ጋር ትጋዛለች። ከቤተሰቡ መቃብር ያገኘው አልቤርቶ ብቻ ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው በጥንት ኤትሩስካውያን መቃብር ጉብኝት ስለሆነ፣ ይህ የመቃብር እጦት ሳይነገረን ይገባናል። በታሪክ እንደምናውቀው በዚያው መጸው፣ ኦክቶበር 16 ቀን፣ ከሮም ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ታፍሶ ወደ አውሽቪትዝ ሲወሰድ የተመለሱት 16 ናቸው።

ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1970 የሠራው ፊልም ኦስካር አግኝቷል፣ ዝናውም ከመጽሐፉ ይበልጣል። ባሳኒ ግን በስክሪፕቱ ሳይስማማ ቀርቶ ስሙን አስነሥቷል። እኔም ከደራሲው ጋር ነኝ። ፊልሙ መልኩ ያማረ ነው፤ ዶሚኒክ ሳንዳም ሚኮልን ሆና ዓይን ትይዛለች። ሆኖም ፍጻሜውን ትምህርት ቤት ውስጥ የታጎሩ ሰዎች ላይ አድርጎ፣ የተራኪውን አባትና ሚኮልን እዚያው አገናኝቶ፣ ዕንባችንን ያወጣልናል። መጽሐፉ ይህን እፎይታ አይሰጥም።

ልብ ወለዱን የወደደ ሰው ቀጥሎ የባሳኒን አጭር ልብ ወለድ «በማዚኒ መንገድ ላይ ያለ የመታሰቢያ ሰሌዳ»ን ቢያነብ እመክራለሁ። ጂዮ ዮሽ የተባለ ወጣት ከካምፕ ተርፎ በ1945 ወደ ፌራራ ሲመለስ፣ በምኩራቡ ግድግዳ ላይ የሙታን ስም ሰሌዳ ሲለጠፍ ይደርሳል። የራሱም ስም አለበት። እኔ እዚህ ቆሜ ሰሌዳው እንዴት ይህን ይላል፣ እንደገና ይሠራ ይላል። የከተማው ሰው ተሰብስቦ ያየዋል፤ በሕይወት መመለሱ እንዳስደሰተው ግን ከማንም ፊት ላይ አይነበብም።