ሣቅ የት ገባ? የሚያስቁ ልቦለዶችን ስለ መጠቆም

ተማሪዎች በየዓመቱ «የሚያስቅ የአማርኛ ልቦለድ ይጠቁሙን» ይሉኛል። ስለ ተውኔት ቢጠይቁኝ የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» ጠርቼ እገላገል ነበር። ስለ ቃል ግጥምና ተረት ከሆነም አለቃ ገብረ ሐና አሉ። ልቦለድ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከዳር እስከ ዳር ለማሣቅ ተብሎ የተጻፈ፣ ሁለተኛ ቢያነቡትም የማይደበዝዝ ረጅም ልቦለድ ቁጠር ብባል ጣቶቼ ይተርፋሉ። ስለዚህ የምጠቁመው «አስቂኝ» የሚል ስም ያልወጣላቸውን፣ ሣቃቸው በኀዘናቸው የተሸፈነባቸውን ሥራዎች ነው።

የመጀመሪያው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ይህን ስል ብዙዎቹ ይገረማሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በክፍል ውስጥ የሚታወቀው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ መከራ ነው። የፈተና ወረቀቶቻችንም ስለ ጭብጡና ስለ ፊውዳሉ ሥርዐት ይጠይቃሉ እንጂ ስለ ሣቁ አይጠይቁም። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው አድማጩ ያለቀሰውን ያህል ይሥቅ እንደነበር ያውቃል።

ሣቁ የሚመነጨው በዋናነት ከተራኪው ድምፅ ነው። ሁሉን አወቁ ተራኪ አይቸኩልም፤ አይቀልድም፤ ፊቱንም አይፈታም። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ዘር ሐረጋቸው ሲጨነቁ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ከአገሩ ሁሉ ሲያጡ፣ ተራኪው ነገሩን እንደ ትልቅ የመንግሥት ጉዳይ አክብሮ ይዘረዝረዋል። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ክብር በክብር ላይ ይደራርባል፤ ከክምሩ ሥር ግን ያለው ዕድሜዋ እያለፈ የሄደ አንዲት ልጅ ናት። ይህ ምጸት ነው፤ ምጸት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ግን አልተደረገበትም። አንባቢው ራሱ ካልደረሰበት ያልፈዋል።

ባላገሮቹ የተጠየቁትን አንሰጥም ባሉ ጊዜ የሆነውን ደግሞ እዩት። ፊታውራሪ በገዛ ጭሰኞቻቸው ላይ ይዘምታሉ። ጌታው በነአበጀ በለው እጅ ሲወድቁ እንሥቃለን። እንዲህ ያለውን ክፍል ብዙ ተማሪዎች «የገበሬው ትግል» በሚል አንድ መስመር ያጠቃልሉታል። ማጠቃለያው ስሕተት ነው አልልም። ግን ገበሬዎቹ በጉልበት ብቻ አላሸነፉም፤ ፊታውራሪን መሣቂያ አደረጓቸው። የሚፈራ ሰው ከተሣቀበት በኋላ እንደ ቀድሞው አይፈራም፤ ፊታውራሪም ከዚያ ወዲህ የበፊቱ ሰው አይደሉም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ሣቁ ውስጥ ርኅራኄ መግባቱ ነው። ሰውዬው ጨካኝ ናቸው፤ ሆኖም ከዚያ ሌላ መኖሪያ አያውቁም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ያህል ባያስቁን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳዘኑን ነበር።

ጉዱ ካሳን የጎዳውም ይኸው ሣቁን መርሳታችን ነው። ንግግሮቹ ተቆርጠው እንደ መፈክር ይጠቀሳሉ፤ «የደራሲው አፈ ቀላጤ» ተብሎም ይታለፋል። ልብ አድርጉ፤ ሰውየው በአካባቢው ዘንድ እብድ ነው። የሚናገረው ሁሉ ከእብድ አፍ እንደ ወጣ ነው የሚሰማው። እውነቱን ማንም የማይሰማው መሆኑ የሚያስቅም የሚያንገበግብም ነው። ስብከት ብቻ አድርጎ ያነበበው ሁለቱንም ያጣል።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚጋቡበትን መክፈቻ ሳነብ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ በማን ላይ ነው የምሥቀው? ባሎቿ እየሞቱባት የተፈራች ሴትና ዕድሜው የገፋ ድኻ መጋባታቸው ለርካሽ ቧልት የተመቸ ነበር። ደራሲው ይህን አልመረጡም። ሣቁ በሁለቱ ላይ ሳይሆን በሚፈሯትና በሚያሙት ሰዎች ላይ እንዲያርፍ አድርገዋል። ልቦለድ ስጠቁም የምጠቀምበት ዋናው መለኪያ ይህ ነው፤ በድኻ፣ በአካል ጉዳተኛና በገጠር ሰው አነጋገር ብቻ የሚያስቁ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ እነሱን አልጠቁምም።

ሁለተኛው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ነው። አስቸጋሪ መጽሐፍ ነው ይባላል፤ ነውም። ተማሪው በሠላሳኛው ገጽ አካባቢ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል፤ እንዳያስቀምጠው እለምናለሁ። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፤ ከመጻሕፍት የለቀመውን ይዞ ከባላገሩ ጋር ይከራከራል። እሱ የሚናገረው አንድ አማርኛ ነው፤ እነሱ የሚመልሱት በሌላ አማርኛ፣ በተረትና በምሳሌ፣ በአሽሙርና በሰምና ወርቅ። ሁለቱ ወገኖች አይገናኙም። የወይዘሮ አሰጋሽን ቤት ምልልስ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በዓይን ብቻ የተነበበ እንደሆነ ቃላቱ ይከብዳሉ፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ማን ማንን እየሸነቆጠ እንደሆነ ይለያል። ሣቁ ለአንዱ አያደላም፤ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይቀምሳሉ። እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ራሳችንን የምናይበት መጽሐፍ ስለሆነ ይመስለኛል ስለ አጻጻፍ ስልቱ ብቻ ማውራት የሚቀናን።

ከእሱ ቀድሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) አለ። ከፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካር ነገር የሚጋጭበት ክፍል ይነበብ፤ ምክሩ ሲበዛ ግን ሣቁ ይጠፋል። በአቤ ጉበኛ «አልወለድም» (1955 ዓ.ም.) ላይም የምለው ተመሳሳይ ነው። በማኅፀን ያለ ፅንስ አልወጣም ብሎ መከራከሩ ከአማርኛ ልቦለድ ሐሳቦች ሁሉ ደፋሩ ነው ብል አላጋንንም፤ እየቆየ ግን ክርክሩ ወደ ንግግር ይለወጥና ስላቁ ይደርቃል። አጭር ስለሆነ ግን በአንድ ምሽት ያልቃል፤ መጀመሪያው ብቻውን ያዋጣል።

ለዛሬው አንባቢ የሚቀርበው የበዕውቀቱ ሥዩም ነው። «መግባትና መውጣት» የተባለ ልቦለድ ጽፏል፤ በእኔ አስተያየት ግን ሣቁ የሚሰላው በአጫጭር መጣጥፎቹ ላይ ነው። ልቦለድ የጠየቀኝን ተማሪ ስለዚህ ወደ መጣጥፍ አልመራውም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ ገና እንዲከፍት እነግረዋለሁ። በመጀመሪያው ንባብ ለበዛብህ ካለቀሰ፣ በሁለተኛው ፊታውራሪን ብቻ እየተከተለ ያንብብ።