በስም አድራሻን ስለ መጠየቅ፤ በሲ ቋንቋ ፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ስሟ ሲለወጥ ከተማይቱ ከስፍራዋ አልተነሣችም። በኮምፒዩተር መረብ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ ይቆያል፥ ቁጥሩ ይለወጣል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን የመረብ ስም «ዲኤምዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ብለን የምንይዘውም ማሽኑ ነገ ሌላ ቁጥር ቢሰጠው ፕሮግራማችን እንዳይስት ነው። እኛ የምንመረምረው ይህ ቁጥር በሲ ቋንቋ እንዴት እንደሚጠየቅና ለተማሪው እንዴት እንደሚቀርብለት ነው።

በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ዛሬም በመጀመሪያ የሚቀርበው «ጌትሆስትባይኔም» የሚባለው ፈንክሽን ነው። ይህ በ1983 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከበርክሊ ዩኒክስ 4.2 ጋር ወጣ። መረቡ ትንሽ፥ ስሞቹም በአንድ ፋይል የሚነበቡ በነበሩበት ጊዜ በቂ ስለ ነበረ በዚያ ዘመን ሥራው አንነቅፈውም። ዛሬ ግን አይበቃም። መልሱን የሚያስቀምጠው ራሱ በያዘው በአንድ ስፍራ ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው ጥያቄ የፊተኛውን መልስ ይደመስሰዋል። ደግሞም በተለምዶ የሚፈልገው አሮጌውን ባለ 32 ቢት አድራሻ ብቻ ነው፤ ባለ 128 ቢቱን አያመጣም። የፖዚክስ ደንብም በ2008 ከዝርዝሩ አውጥቶታል። እንግዲህ ከደንብ የወጣውን ለጀማሪ ማስተማር ምን ይጠቅማል?

ተተኪው «ጌትአድርኢንፎ» በ2001 በፖዚክስ ደንብ ገባ። እርሱም ከነቀፋ የጸዳ አይደለም፤ በሊኑክስ ቤተ መጻሕፍት በግሊብሲ ውስጥ ለአሮጌው ፈንክሽን በ2015 «ጎስት» የተባለ የጥበቃ ቀዳዳ እንደ ተገለጠበት፥ ለአዲሱም በ2016 ሌላ ተገልጦበታል። መልሱ አንድ አድራሻ ሳይሆን ተያይዞ የሚሄድ ዝርዝር ነው። ተማሪዎች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሞክረው ያቆማሉ፤ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው መሞከር፥ በኋላም በ«ፍሪአድርኢንፎ» መልቀቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የስሕተት አያያዝ ነው። ፈንክሽኑ ስሕተቱን የሚነግረን በሚመልሰው ቁጥር ሲሆን፥ ብዙዎች እንደ ለመዱት «ፒኤረር»ን ይጠራሉ፤ ያም ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ቃል፥ አንዳንዴም «ተሳክቷል» የሚል ያትማል። ትክክለኛው «ጋይ ስትርኤረር» ነው። ይህ ለእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ ከፈንክሽኑ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው «ኢኤአይ አጌን»፥ ይኸውም «ለጊዜው አልተቻለምና ደግመህ ሞክር» የሚለው ነው። «ኢኤአይ ኖኔም» ግን ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል ፕሮግራም መንገድ የተዘጋበትን ሰው ቤቱ ፈርሷል ብሎ እንደ መመለስ ነው፤ ተጠቃሚውም ትክክለኛውን ስም ሲያርምና ሲያበላሽ ይውላል።

አንድ ነገር እንጨምር። በፊደላችን የተጻፈ ስም ሲጠየቅ ግሊብሲ «ኤአይ አይዲኤን» የተባለ ምልክት ይሻል፤ ፕሮግራሙም አስቀድሞ በ«ሴትሎካል» የጽሕፈቱን ዐይነት ማስታወቅ አለበት። ይህን የሚያነሣ የትምህርት ምሳሌ አላገኘንም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ጎጃምን የሚከበውን ወንዝ አንዱ «ዓባይ»፥ ሌላው «አባይ» ብሎ ቢጽፍ ለማሽኑ ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው፤ ፈንክሽኑ የድምፃቸውን አንድነት አያውቅምና፥ ሁለቱን ወደ አንድ አድራሻ መምራት ስሙን የሚያስመዘግበው ሰው ሥራ ነው።