ወንዙን ማን አሰመረው?

ካርታ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያሰምራል፤ ወዲህ ምድር፣ ወዲያ ውሃ ይላል። የሥነ ሕንፃና የዕቅድ ባለሙያው ዲሊፕ ዳ ኩንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት፣ «የወንዞች ፈጠራ» ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው መጽሐፋቸው የሚሞግቱት ይህንኑ መስመር ነው። የጋንጀስን ወንዝ መነሻ አድርገው እንደሚያስረዱት፣ ውሃ በደመናም በዝናብም በአፈርም ውስጥ በየስፍራው አለ። ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ዑደት በሁለት ዳርቻ መካከል የሚፈስበትን ጊዜ ብቻ መርጦ «ወንዝ» አለው። ከዚያ ወዲያ የክረምቱ ሙላት ድንበር እንደ መጣስ ይቆጠራል፤ ግድቡም ቦዩም ከዚህ አስተሳሰብ ይወለዳሉ።

ሐሳቡ ረቂቅ ይምሰል እንጂ በአካባቢያችን ምስክር አለው። ነጭ አባይ በደቡብ ሱዳን ሱድ ከሚባለው ረግረግ ሲገባ ከውሃው ግማሽ ያህሉ በትነት ይሄዳል። መሐንዲሶች ይህን «ብክነት» አሉት። ረግረጉን በምሥራቅ በኩል ትቶ ውሃውን ወደ ሰሜን እንዲያሻግር የታቀደው የጆንግሌይ ቦይ ቁፋሮ በ1978 ተጀመረ፤ ከ360 ኪሎ ሜትሩ 240 ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። ለዲንካና ለኑዌር አርብቶ አደሮች ግን ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚተወው ሣር የከብቶቻቸው ሕይወት ነው። ብክነት የተባለው የእነርሱ ግጦሽ ነበር።

የመጽሐፉ ድካም ጥፋቱን ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ በወረስነው ዕይታ ላይ ማብዛቱ ነው። ወንዝን ወንዝ ብሎ መሰየም ብቻውን በደል አይደለም። «የወንዜ ልጅ» የምንል ሰዎች ዳርቻውን እናውቃለን፤ ወንዙ ግን ያዛምደናል እንጂ አይለየንም። የጆንግሌይ በደል ከመስመሩ ይልቅ ያሰመሩት ካይሮና ካርቱም ሆነው ረግረጉ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ አለመጠየቁ ነው። በ1974 በጁባ ተቃውሞ የተነሣውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ውሃን ማወደስም ብቻውን አይበቃም። ከ2019 ጀምሮ በተከታታይ የደረሰው ጎርፍ በዚያው አገር እጅግ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ በ2022ም ቦዩ ይቀጥል የሚል ጥሪ ዳግም ተሰምቷል። ቤቱን ውሃ ለዋጠበት ሰው «ድንበሩ ፈጠራ ነው» ቢሉት መጽናኛ አይሆነውም፤ እርሱም በእጁ የጭቃ ክትር ሠርቶ መንደሩን ይጠብቃልና። ያም መስመር ነው፤ ነገር ግን ውሃው የሚደርስበት ሰው ያሰመረው መስመር ነው።

መጽሐፉ ካርታን በጥርጣሬ እንድናነብ ያስተምራል፤ ስለዚህም ሊነበብ ይገባዋል። ክትሩን የሚሠራው ሰው ግን በገጾቹ ውስጥ የሚገባውን ያህል ስፍራ አላገኘም።